ሼህ እንድሪስ በእኔ ፋንታ የጾሙት ሁለት ወር

ሼህ እንድሪስ ይመር ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ፣ ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ፣ ጂዛን ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ዐረፉ። በማግስቱ ሳብያ ተቀበሩ። ዜናው በስልክ ከእርሻ ወደ እርሻ ስለተላለፈ አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። በአል-ኹባ ገጠሮች፣ በጂዛንና በአገር ቤት ያላችሁ፣ እስካሁን ያልሰማችሁ ካላችሁ ግን መርዶውን ከእኔ በመስማታችሁ አዝናለሁ፤ ከሰው ሁሉ ይህን ለመንገር የማልገባው እኔ ነኝና። ኩላሊታቸው ሁለት ዓመት አሠቃይቷቸዋል። ስልሳ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር።

ጀናዛው ላይ እንደ ደንቡ አንድ ሰው ቆሞ ጠየቀ። «ሟቹ የሰው ሐቅ ካለባቸው ባለቤቱ ይናገር፤ ከሌለም አፉ በሏቸው» አለ። ሁላችንም «አፉ ብለናል፣ ይቅር ብለናል» አልን። እኔም ከሰው ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ አልኩ። ሟቹ ራሳቸው በማን ላይ ሐቅ አላቸው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም፤ ደንቡም አይደለም። ያ ጥያቄ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ እጄን ማውጣት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ሼህ እንድሪስን የምታውቁ ሁሉ በሁለት ነገር ታውቋቸዋላችሁ። አንደኛው የወንዙን፣ የዋዲውን ውሃ እየመረመሩ ለሰው ማስጠንቀቃቸው ነው። ሁለተኛው የእረኛው ልጅ የኑሩ ሞት ነው። «ኑሩን ያስገደሉት ሼህ» የሚላቸው ሰው ዛሬም አለ፤ እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ ተሳስቷል ሊባል አይችልም፣ ምክንያቱም እርሳቸው ራሳቸው በሰው ፊት «እኔ ነኝ» ብለዋል። እኔ ሙሄ ነኝ፤ ከሳብያ ወደ ተራራው በሚወስደው መንገድ ባለው እርሻ ከሼህ እንድሪስ ጋር ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ኑሩን የገደለው የእርሳቸው አፍ አይደለም። የእኔ እጅ ነው። ይህን በጽሑፍ ለሁላችሁ እንድናገር ያዘዙኝም እርሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ሼህ እንድሪስ ወሎ ውስጥ በልጅነታቸው ኪታብ የቀሩ፣ ሃይማኖት የተማሩ፣ ሰው ጠይቋቸው ሳያሳፍሩ የሚመልሱ ሰው ነበሩ። እርሻው ላይ ሥራቸው ውሃ ማጠጣት ነበር። የማንጎውን ቦይ የሚከፍቱትም የሚዘጉትም እርሳቸው ናቸው። ቦይ ሲከፍቱ የመጀመሪያውን አፈር በአካፋ አይነኩትም፤ «ቢስሚላህ» ብለው በእጃቸው ነበር የሚገፉት። ውሃው እግራቸውን አልፎ ሲሄድ ቆመው ያዩታል፣ ከዚያ ነው አካፋ የሚያነሡት።

እኔ ከየመን በኩል ተሻግሬ ስመጣ አንዲት የአረብኛ ቃል አላውቅም ነበር። የእርሻው አለቃ፣ እኛ ሙዲር የምንለው፣ አንድ ነገር ሲያዘኝ ሼህ እንድሪስ ከበስተኋላው ራቅ ብለው ይቆማሉ። አካፋ አምጣ ካለኝ ጀርባቸውን ያካሉ፤ በግራ በኩል ሂድ ካለኝ ግራ ጆሯቸውን ይነካሉ። ሙዲሩ ያንን አያይም። እኔም ቋንቋ እንደሚያውቅ ሰው ፈጠን ብዬ እሄዳለሁ። ለሁለት ወር ያህል በእርሳቸው ጆሮና ጀርባ ነው እንጀራዬን የበላሁት። ማታ ራት ስንበላ «አረብኛህ ከፍየሎቹ ይሻላል፤ ብዙ ግን አይደለም» ብለው ይስቁብኝ ነበር። እኔ ውለታቸውን በምን እንደመለስኩ ደግሞ አሁን ልንገራችሁ።

ዋዲው ሰይል፣ ደራሽ ጎርፍ፣ ሲመጣበት መኪና ይዞ ይሄዳል። ሰይሉ ካለፈ በኋላ ደግሞ በበጋው ኩሬ ኩሬ ሆኖ ይቀራል፤ ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው የጣት ውፍረት ያላት ውሃ ትወርዳለች። በዚያ ዓመት የጉድጓዳችን ፓምፕ ተበላሸና መለዋወጫ እስኪመጣ ከዋዲው እንድንቀዳ ግድ ሆነ። ሰዎች ሼህ እንድሪስን «ይጠጣል ወይ?» ብለው ጠየቁ። ቂርአት ቤት ያለፈ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ቀለሙ፣ ሽታውና ጣዕሙ ያልተለወጠ ውሃ ጠሃራ፣ ንጹሕ ነው፤ ለሶላት ውዱእ ይደረግበታል። ለውዱእ የሚሆን ውሃ ለመጠጥ አይሆንም ብሎ ያሰበ በመካከላችን አልነበረም። አላህ ፊት የሚያቆም ውሃ ሆድ ምን ያደርጋል? ሼህ እንድሪስ ኩሬውን አዩት፣ አሸተቱት፣ ቀመሱት። «ሦስቱም አልተለወጠም፤ ጠጡ» አሉ። ጠጣን። ለብዙ ቀናት ማንም አልታመመም።

አንድ ረቡዕ ባምያውን ተባይ መድኃኒት ስረጭ ዋልኩ። መርጫው የሚታጠበው ከመጋዘኑ ጀርባ ለእጣቢ በተቆፈረው ጉድጓድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የነገረኝ ሰው የለም ልል አልችልም። ጉድጓዱ ሩቅ ነበር። የመግሪብ ሶላት ሊደርስ ነበር። ወደ ላይኛው ኩሬ ወርጄ መርጫውን አለቀለቅኩ። ከከረጢቱ የተረፈ ነጭ ዱቄት ነበር፤ ሙዲሩ ካየው «በደንብ አልረጨህም» ይለኛል ብዬ እሱንም ውሃው ውስጥ ደፋሁት። ዱቄቱ ገብቶ ጠፋ። ቀለም አልሰጠም። ከዚያ ወደ ላይ ራቅ ብዬ ውዱእ አድርጌ፣ ሮጬ ደርሼ፣ ከሼህ እንድሪስ ኋላ መግሪብን ሰገድኩ።

የምንጠጣው ከታችኛው ኩሬ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ኑሩ ጀሪካን ይዞ ወረደ። ኑሩ ከየመን ከተሻገረ ሦስት ሳምንት የሆነው፣ ፍየሎቹን የሚጠብቅ፣ ለሥራው የሚሮጥ ልጅ ነበር። ሞልቶ ሲመለስ ሼህ እንድሪስን ቦዩ ላይ አገኛቸው። እኔ በአጠገባቸው ነበርኩ፤ የተባባሉትን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«ሼኼ፣ ዛሬ ኩሬው ላይ ትንኝ የሚባል ነገር የለም። ያ ውሃ ላይ የሚሮጠው ጥቁሩም የለም። ደህና ነው?»

ሼህ እንድሪስ ሐሙስ ሐሙስ ይጾሙ ነበር። ከጀሪካኑ በእፍኛቸው ተቀብለው አዩት፤ አሸተቱት፤ በምላሳቸው ጫፍ ነክተው ተፉት።

«ሦስቱም ደህና ነው ልጄ። ትንኝ ከሌለማ ጭራሽ ጠርቷል ማለት ነው፤ ጠጣ።»

ኑሩ እዚያው ጀሪካኑን አንሥቶ እስኪረካ ጠጣ። እኔ አየሁት። በዚያች ደቂቃ ስለ ትላንቱ ዱቄት አስታውሼ ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አላስታወስኩም። ትንሽ ቆይቶ ኑሩ ከፍየሎቹ መሃል ወደቀ ተብሎ ስንሮጥ ላቡ እንደ ዝናብ ይወርዳል፣ አፉ ምራቅ ሞልቷል፣ የዓይኑ ብሌን መርፌ ቀዳዳ አክሏል። ያኔ አወቅሁ። ገመትኩ ብል ውሸት ይሆንብኛል። በፒካፕ ጭነን ወደ ሳብያ ስንበር መንገድ ላይ ሞተ። በዚያው ውሃ አፋቸውን ያረሰረሱ ሦስት ሰዎች ሲያስመልሳቸው ውለው ተረፉ። ሼህ እንድሪስ የዳኑት ጾመኛ ስለነበሩ፣ ውሃውን ስለተፉት ነው።

ውሃውን ሊያዩ የመጡ ሰዎች ሁለት ቀን ዘግይተው ነበር፤ የመኖሪያ ወረቀት የሌለን ደግሞ ሲመጡ ተበትነናል። ነገሩ ከላይ ከሰፈሮቹ የመጣ መርዝ ነው ተብሎ ቀረ። እኔም ዝም አልኩ። ሹርጣ፣ ፖሊሱ፣ ይይዘኛል ብዬ ፈራሁ፤ የኑሩ ወንድም አል-ኹባ አለ፣ ይበቀለኛል ብዬ ፈራሁ፤ ከሁሉ በላይ ሼህ እንድሪስ እንዳያውቁብኝ ፈራሁ።

ጁምዓ ዕለት ሰግደን ስንጨርስ ሼህ እንድሪስ ተነሥተው ወደ እኛ ዞሩ። ሰሌን ላይ የተቀመጥነው ሃያ አንሞላም ነበር።

«ይህን ውሃ ጠጡ ያልኳችሁ እኔ ነኝ። ኑሩ ጠይቆኛል፤ እኔም ጠጣ ብዬዋለሁ። ልጁን የገደለው የእኔ አፍ ነው። ከእንግዲህ ኢማም ሆኜ አላሰግዳችሁም፤ ሌላ ሰው ምረጡ። ለኑሩ ዘመዶች የምትደርሱ ይህንኑ ንገሩልኝ።»

ሰዎቹ ለመኗቸው፤ እርሳቸው እምቢ አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኋላ ረድፍ፣ ከጫፍ ቆመው ይሰግዱ ነበር። ሳያውቅ ሰው የገደለ ሁለት ወር ሳያቋርጥ እንደሚጾም ከኪታብ ያውቃሉና በማግስቱ ጾም ጀመሩ። የጂዛንን ሙቀት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ቅዳሜ የለ እሑድ የለ፣ አካፋ ይዘው ፀሐይ ላይ እየዋሉ ስልሳ ቀን ጾሙ። ከንፈራቸው ተሰነጠቀ። አንድ ቀን ቦዩ ላይ ወድቀው እኔ ነኝ ደግፌ ጥላ ውስጥ ያስቀመጥኳቸው። ውሃ ላጠጣቸው ስል አፋቸውን ዘጉ። ማታ ማታ የሚያፈጥሩበትን ቴምር የማቀብላቸውም እኔ ነበርኩ። «ጀዛከላህ ኸይር ሙሄ» ይሉኛል። ቴምሩን አቀብዬ ከእጃቸው ላይ ዓይኔን ማንሣት ያቅተኝ ነበር። ኩላሊታቸውን የጎዳው ያ ጾም ይሁን ዕድሜ፣ የነገረኝ ሐኪም የለም። እኔ ግን ማታ ስተኛ የማስበው ያንን ነው።

በጾሙ መሃል፣ ሦስት ሳምንት ሲሆናቸው፣ ለልጃቸው ለሐያት ደወሉ። ሐያት ወሎ ውስጥ አስተማሪ ናት፤ ከተማሪዎቿ ጋር የከተማቸውን ወንዝ እንደምትመረምር ይሰሙ ነበር፣ ግን የልጆች ጨዋታ ይመስላቸው ነበር። አጠገባቸው ሆኜ ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ። «ልጄ፣ ሦስቱን ምልክት አይቼ ነበር። አራተኛው ምንድን ነው? ያላየሁት ምንድን ነው?» አሏት። ሐያት መልሱን ለተማሪዎቿ ተወችው። በማግስቱ አንዲት ተማሪ የድምፅ መልእክት ላከች፤ «ሼህ አባባ፣ ድንጋይ ይገልብጡ። ከድንጋዩ ሥር ትንንሽ ነፍሳት ካሉ ውሃው ደህና ነው። ከሌሉ ግን የጠራ ቢመስልም አይመኑት» ትላለች። ሼህ እንድሪስ ይህን መልእክት ሦስት ጊዜ ሰሙት። ከዚያ «ትንኝ የለም ብሎኝ ነበር እኮ» አሉና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። «ኑሩ ነግሮኝ ነበር እኮ፣ ያረቢ።»

ልጆቹ የነፍሳቱን ሥዕል እየሣሉ ላኩላቸው፤ ባለ ሦስት ጭራ፣ ቤቱን ተሸካሚ፣ ቀይ ትል እያሉ ስም አውጥተውላቸዋል። ሼህ እንድሪስ ሳብያ ወርደው ሥዕሎቹን አሳትመው በላስቲክ አስሸፈኑ። የሻይ ማጥለያ ወንፊትና አንድ ነጭ ሳህን ገዙ። ጂዛን ከተማ የጌጥ ዓሣ የሚሸጥበት ሱቅ ሄደው ውሃ ውስጥ ሲነከር ቀለም የሚቀይረውን ወረቀት አመጡ። በሚቀጥለው ጁምዓ ከሶላት በኋላ እኔንና ሁለት ሰዎችን ይዘው ወደ ዋዲው ወረዱ።

ከታች ጀምረን ወደ ላይ ወጣን። ድንጋይ እንገለብጣለን፣ በወንፊት እንቀዳለን፣ ሳህኑ ላይ እንደፋለን። ታችኛው ኩሬ ባዶ ነው። ከእሱ በላይ ያለችው ቀጭን ውሃ ባዶ ናት። ላይኛው ኩሬ ባዶ ነው። ከላይኛው ኩሬ ሃያ እርምጃ ያህል አልፈን ድንጋይ ስንገለብጥ ሳህኑ ላይ ነፍሳቱ ተርመሰመሱ፤ ባለ ሦስት ጭራውም፣ ቤቱን ተሸካሚውም ነበሩ። ሼህ እንድሪስ ሳህኑን እንደያዙ ወደ ኩሬው፣ ከዚያ ወደ ላይ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ኩሬው አዩ።

«ከላይ ከሰፈር የመጣ አይደለም» አሉ። «እዚህ ጋ ነው የገባው። እዚህ ኩሬ ላይ ምን እንደተደረገ የምታውቁት ነገር አለ?»

ወንፊቱ በእጄ ነበር። «ወላሂ አላውቅም» አልኩ። «ማልልኝ» እንኳ አላሉኝም፤ እኔው ነኝ የማልኩት። እርሳቸውም ደብተራቸውን አውጥተው «ላይኛው ኩሬ፤ ምክንያቱ አልታወቀም» ብለው ጻፉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አራት ዓመት እናንተ ታውቁታላችሁ። ጁምዓ ሰግደን እንደጨረስን «ያላ፣ ድንጋዮቹ ይጠብቁናል» ይሉናል። በዋዲው ላይ የምንመረምርባቸው ስምንት ቦታዎች ነበሩን። ውጤቱን ለሐያት ተማሪዎች እንልካለን፤ እነሱም የእነሱን ይልካሉ፣ «ሼህ አባባ፣ የእናንተ ወንዝ ከእኛ ይሻላል» ብለው ሲያሾፉባቸው ደስ ይላቸው ነበር። የሚጠጣበት ቦታ ላይ በኖራ የተቀባ ነጭ ድንጋይ ያስቀምጣሉ፤ የማይጠጣበት ላይ ሁለት ጥቁር ድንጋይ ይደራርባሉ። ከየመን በኩል ጥም ገድሏቸው የሚደርሱ ልጆች ያንን ምልክት አውቀውት ነበር። ሼህ እንድሪስን በዓይኑ አይቷቸው የማያውቅ፣ ድንጋያቸውን አይቶ የጠጣ ስንት ሰው እንዳለ አላህ ያውቃል። ስለ ራሳቸው ግን አንድ ቀን ጥሩ ነገር ሲናገሩ አልሰማሁም።

አንድ ጁምዓ ከፓምፑ ቤት በታች ሳህኑ ባዶ ሆነ። ሼህ እንድሪስ ቀጥታ ወደ ሙዲሩ ሄዱ። ኢቃማቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ በእርሱ እጅ ነው፤ ቢቆጣ በማግስቱ ሊያስወጣቸው ይችላል። «ሙዲር፣ ከድንጋዩ ሥር ነፍስ የለም» አሉት። ሳቀባቸው። እርሳቸው ግን ክንዱን ይዘው «ና፣ በዓይንህ እይ» ብለው አወረዱት፤ ከፓምፑ ቤት በላይ አንድ ድንጋይ፣ በታች አንድ ድንጋይ ገልብጠው አሳዩት። ሙዲሩ ጎንበስ ብሎ ብዙ አየ።

«አንተ ምንድን ነህ? ሐኪም ነህ ወይስ ኢማም?» አላቸው።

«ሁለቱንም አይደለሁም። አንድ ጊዜ የተሳሳትኩ ሰው ነኝ።»

በዚያው ሳምንት የሚያንጠባጥበው የናፍጣ ታንከር ከዋዲው ዳር ተነሣ። ሙዲሩ ከዚያ በኋላ ማንኛውንም መርጫ ከጉድጓዱ ውጪ ያጠበ ይባረራል ብሎ አዘዘ። ይህን ትእዛዝ ሲያስተረጉሙልን የነበሩት ሼህ እንድሪስ ናቸው። እኔ ከፊት ቆሜ አንገቴን እየነቀነቅኩ ሰማሁ።

ሕመማቸው ሲጠና ሆስፒታል ገቡ። የታመመ ሰው መጠየቅ የሚወዱ ሰው ነበሩና ጠያቂ አላጡም። እኔም በተራዬ ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩ። ሌላ ሰው አልነበረም። እግራቸው አብጦ አየሁት። ስለ ዋዲው ጠየቁኝ፤ የጁምዓውን ነገርኳቸው። «ላይኛውስ ኩሬ?» አሉኝ። ላይኛው ኩሬ ከዳነ ዓመታት ሆኖታል፤ እርሳቸው ግን ሁልጊዜ ለይተው የሚጠይቁት እሱን ነበር። ከዚያ በኋላ መሸከም አልቻልኩም።

«ሼኼ፣ ላይኛው ኩሬ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ጣሪያውን አዩ። እኔ የምጠብቀው ስድብ ነበር፣ ወይም ልቅሶ። እርሳቸው ግን «መድኃኒቱ የቱ ነበር?» አሉኝ።

«የባምያው። ነጩ ዱቄት።»

«ምን ያህል?»

«የከረጢቱ ሩብ ይሆናል፤ ከመርጫው እጣቢ ጋር።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«መግሪብ ሊደርስ ሲል።»

«ደብተሩን ከትራስጌ አውጣ።» አወጣሁ። ያቺን ገጽ ሳይፈልጉ ገለጧት። «ጻፍ። በራስህ እጅ ጻፍ፤ ስምህንም አብረህ ጻፍ።»

ጻፍኩ። ደብተሩን ተቀብለው አነበቡት። ከዚያ ዕንባቸው በጆሯቸው ግንድ ወረደ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ሶላት ላይ በቆምኩ ቁጥር ኑሩ ጀሪካኑን ይዞ ከፊቴ የሚቆም ይመስለኝ ነበር። ሳላውቅ ያጠፋሁት አለ፤ ትንኝ የለም ሲለኝ መስማት ነበረብኝ። ግን መርዙ ከየት እንደመጣ አለማወቁ ነበር የጨረሰኝ።» ከሕመም ያረፈ ሰው ፊት እንዴት እንደሚሆን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ያንን ዕረፍት አራት ዓመት ሙሉ በኪሴ ይዤ ከልክያቸዋለሁ።

«አፉ በሉኝ ሼኼ።»

«የእኔን አፉ ብያለሁ። ጾሙንም፣ ሌላውንም። የኑሩን ግን አፉ ልልልህ አልችልም፤ የእኔ አይደለም። እኔ በሰው ፊት ነው የተናገርኩት። አንተም በሰው ፊት ተናገር።»

«ሹርጣ ቢይዘኝስ?»

«ይይዝህ ይሆናል።»

ሼህ እንድሪስ ለታመመው፣ ለተባረረው፣ ለተያዘው፣ ለሁሉም «አብሽር፣ አይዞህ» የሚሉ ሰው ነበሩ። ለእኔ አላሉኝም።

የአስር ሶላት ሲደርስ ውዱእ አስደረግኳቸው። ልሰግድ ወደ ጥግ ስሄድ ጠሩኝ። «ከኋላዬ ቁም» አሉኝ። አልጋው ላይ እንደተቀመጡ ወደ ቂብላ ዞረው «አላሁ አክበር» አሉ። ከአራት ዓመት በኋላ ኢማም ሆኑ፤ ከኋላቸው የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ያቺ ያሰገዱት የመጨረሻ ሶላት ስትሆን ከዚያ በሦስተኛው ቀን አለፉ።

ሼህ እንድሪስ ሆይ፣ ታዘዝኩዎት። ይህ ጽሑፍ ለሰው ከመድረሱ በፊት አል-ኹባ ሄጄ ለኑሩ ወንድም በአፌ ነገርኩት። አልመታኝም። ቁጭ ብሎ ሰማኝ፣ ከዚያ ተነሥቶ ከብቶቹን ሊያጠጣ ሄደ፤ ስሰናበተውም አልመለሰልኝም። «ከእነ ሼህ እንድሪስ ጋር ያለኝ ነገር ኸላስ፣ አልቋል በላቸው» ብሎ ግን ሰው ልኮብኛል። ስምዎ ከእርሱ ቤት ቂም ወጥቷል። ጾሙን ከቀብርዎ ማግሥት ጀመርኩ፤ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው፣ ፀሐዩ ከባድ ነው፣ እርስዎ እንዴት እንደቻሉት አላውቅም። ማታ የማፈጥርበትን ቴምር የሚያቀብለኝ ሰው የለም፤ ይህም ይገባኛል። ምድሪቱ ትቅለልዎት፣ አላህ ማረፊያዎን ጀነተል ፊርደውስ ያድርገው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። እዚያ ኑሩን ካገኙት እንደ ዱሮው ጥፋቱን በራስዎ ላይ አይውሰዱ። ሙሄ ነው ይበሉት።